«ደህና ነኝ» ያለው አምስት አለቃ

ያ ክረምት ልብስ አልደርቅ ያለበት ክረምት ነበር። ጠዋት ያሰጣነው እስከ ማታ ይንጠባጠባል፤ ማታ ወደ ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲነጋ እንደራሰ እንለብሰዋለን። ገላችን ሳይቀር ሻጋታ ሻጋታ ይሸት ነበር። ጦርነቱ አለቀ የተባለው በዚያ ክረምት ነው። ሰዉ እልል ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ግን ሰው ከመጠን በላይ ሲደክመው ደስታም ሥራ ይሆንበታል መሰለኝ፣ ሁሉም በየበራፉ ቆሞ ዝም ብሎ ዝናቡን ያያል። የጭነት መኪኖች ከባቡር ጣቢያው ወታደር እየጫኑ በመንገዳችን ያልፋሉ። ከኋላ የተቀመጡት አይዘፍኑም፣ እጃቸውንም አያውለበልቡም። መኪናው ካለፈ በኋላ የራሰ የሱፍ ካፖርት ሽታ መንገዱ ላይ ይቀራል። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የሚመጣልኝ ወንድም፣ የሚመጣልኝ እጮኛ አልነበረኝም፤ ቢሆንም የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ እወጣ ነበር። ለምን እንደምወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ ለእናቴ ትቶላት የሞተው አንድ ግቢና በግቢው ዙሪያ የተደረደሩ ክፍሎች ናቸው። መካከል ላይ የውሃ ቧንቧ አለ። በአንደኛው ጎን እኛ እንኖራለን፤ በሌላው ጎን ጫማ ሰፊውና ልብስ አጣቢዋ ተከራይተዋል። የጥጓ ክፍል ጣሪያዋ ስለሚያፈስ ማንም አይወስዳትም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው የሸራ ቦርሳ አዝሎ፣ በክራንች እየተደገፈ፣ ጭቃውን አቋርጦ መጣና እናቴ ፊት ቆመ።

«እማማ፣ የሚከራይ ክፍል አለ ብለውኝ ነበር።»

«መኖሩስ አለ፤ ግን ያፈሳል።»

«ችግር የለም፣ እኔም አፈሳለሁ» አለና በፋሻ የተጠቀለለውን የእግሩን ጉማጅ አሳያት።

እናቴ እንዲያው ለማለት ያህል፣ «ማዕረግህ ምንድነው ልጄ?» አለችው።

«አስር አለቃ ነበርኩ። ግማሹ እዚያው ስለቀረ አሁን አምስት አለቃ ነኝ።»

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ስሙም በዚያው ቀረ። ከጫማ ሰፊው ጀምሮ እስከ ፖስተኛው ድረስ አምስት አለቃ ነበር የሚለው። እኔ ግን በአስራ ሁለት ዓመት ስለሚበልጠኝ አምስት አለቃ ብዬም አንቱ ነበር የምለው። አሁን እሱ ያን ጊዜ ከነበረው ዕድሜ እኔ እጥፍ ስለሆንኩ፣ እዚህ ላይ «እሱ» እያልኩ ብጽፍ ይቅር ይለኛል።

ግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። ቀኝ ትከሻው ውስጥ ሐኪሞቹ ትተውት የወጡት የብረት ፍንጣሪ ስላለ ክንዱ ከደረቱ በላይ አይነሳም። ከጦርነቱ በፊት ግንበኛ ነበር፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለኩባትን ቱንቢ፣ ያቺን በገመድ የምትንጠለጠል ሾጣጣ ብረት፣ ከቦርሳው አውጥቶ መስኮቱ ላይ ሰቀላት። «የዚህ ቤት ግድግዳ ሰክሯል» አለን በመጀመሪያው ቀን። ግንበኛ እንግዲህ መወጣጫ ላይ የሚወጣ፣ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ድንጋይ የሚቀበል ሰው ነው። ያ ሥራ እንዳለቀለት እኛም እሱም እናውቃለን፣ ግን ማንም አላነሳውም።

ከአራት ወር በኋላ የሕክምና ቦርድ ፊት ቅረብ የሚል ደብዳቤ መጣ። ቦርዱ የአካል ጉዳቱን አይቶ ደረጃ ይሰጣል። አንደኛ ደረጃ ራሱን መርዳት የማይችል፣ ሁለተኛ በከፊል የሚችል፣ ሦስተኛ ጉዳቱ ቀላል ሆኖ ሠርቶ መብላት የሚችል። ጡረታው የሚቆረጠው በዚያ ነው። ይህን አሁን እንደ ውዳሴ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አንዳችንም አናውቅም ነበር። እኛ ያወቅነው የመንግሥት ሰዎች ፊት መቅረቡን ብቻ ነው።

«የመንግሥት ሰው ፊት እንደ ለማኝ አትቀርብም» አለች እናቴ። የአባቴን ኮትና ሱሪ ከሳጥን አወጣች። ወገቡን ያጠበብኩት እኔ ነኝ፤ ልብስ ስፌት ቤት የቁልፍ ቀዳዳ እሰፋ ስለነበር እጄ ለዚህ አይሰንፍም። በካውያ የተኮስኩትም እኔ ነኝ፤ የሱሪው መስመር ቢላ ይመስል ነበር። ሆስፒታሉ የሰጠውን የእንጨት እግር አጥልቆ ግቢውን ያለ ክራንች መዞር ተለማመደ። ከቧንቧው እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ቧንቧው። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። አጣቢዋ ባልዲዋን አስቀምጣ ታጨበጭብለታለች። «እሰይ! ሙሽራ!» ትለዋለች። የሠራነውን አላወቅንም።

ከቦርዱ ሲመለስ እየሳቀ ነበር።

«እንዴት ሆነ?» አለችው እናቴ።

«ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው ሐኪም ገና ስገባ ‹እንዴት ነህ?› አለኝ። ‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ ደህና ናችሁ?› አልኳቸው። ከዚያ ተራመድ አሉኝ፣ ተራመድኩ። ክራንቹን ሳልነካ፣ እማማ! ኮቱንም አላስወለቁኝም።»

«ጀግና!» አለችው።

በአምስተኛው ሳምንት ደብዳቤው ደረሰ። ሦስተኛ ደረጃ።

ለክፍሉ ኪራይ፣ ለሳሙናና ለመብራት ጋዝ የምትበቃ ጡረታ ነበረች። «የቀረውስ?» ሲሉት፣ «የቀረውን በሳቅ እሞላዋለሁ» ይላል። ሳቅ ግን ሆድ አይሞላምና ሥራ ፈለገ። እኔ የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጩ አዛውንት መቀሶቹን የሚስልላቸው ሰው አጥተው ይነጫነጩ ነበር። እኔ የግቢያችንን ሰው ጠቆምኳቸው። አምስት አለቃ ከአሮጌ ዕቃ ተራ በእግር የሚረገጥ መዘውር ያለው የመሳያ ድንጋይ ገዛና የክፍሉ በራፍ ላይ ተከለው። በቀኝ እግሩ ይረግጣል፣ ድንጋዩ ይሽከረከራል፣ በግራ እጁ መቀሱን ይይዛል፣ የማይነሳው ቀኝ እጁ ደግሞ ከደረቱ በታች ስለሆነ እዚያ ላይ እንደማንም ጤነኛ ይሠራል። ፊት ለፊት ስታዩት ምንም የጎደለው አይመስልም ነበር።

መቀስ መሳል ቢላ እንደ መሳል አይደለም። ሁለቱ ስለቶች ጫፍ ለጫፍ ሳይሆን እየተላላሱ መሄድ አለባቸው፤ አንዱ ትንሽ ከበዛ ጨርቁን ያኝከዋል። ሲጨርስ እርጥብ ቁራጭ ጨርቅ ይቆርጥና ጆሮውን ያስጠጋል። ድምፁ ሐር ሲቀደድ ካልመሰለ ይመልሰዋል። የኔን ትንሿን መቀስ ሁልጊዜ መጀመሪያ ነበር የሚስላት። ሌሎቹ ሴቶች ይቀልዱብኛል። «የሷ መቀስ እኮ ፀጉር ትሰነጥቃለች፣ የኛ ዱባ ይቆርጥ ይመስል!» ይላሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የቁልፍ ቀዳዳዬን እሰፋለሁ። ፊቴ ግን ይግላል።

አንድ እሑድ ጠዋት ቧንቧው ጋ ባልዲ ስሞላ ከበራፉ ጠራኝ።

«እታለም።»

«አቤት።»

«ደረጃዬ የተሻሻለ ቀን እናትሽን አንድ ነገር እጠይቃታለሁ።»

«ክፍል ሊቀይሩ ነው?» አልኩት፣ ያልገባኝ መስዬ።

«አዎ፣ ክፍል ልቀይር ነው። ለሁለት ሰው የሚበቃ።»

ባልዲው ሞልቶ እየፈሰሰ እኔ ውሃውን አልዘጋሁም። እናቴ ከውስጥ «ቧንቧው!» ብላ ስትጮህ ነው የነቃሁት። ሌላ ምንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። እንግዲህ ያ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱ ደረጃ የኔም ደረጃ ሆነ።

እናቴ ትወደው ነበር። ግን ነገሩ ሲሸታት አንድ ቀን በጨዋታ መሃል፣ «የእሱ እኮ ጡረታ አይደለም፣ ማስታወሻ ነው» አለችኝ። እሱም ኩራቱ ነበረበት። በኔ ደሞዝ ተጨምሮ ይበቃን ነበር፤ ሁለታችንም ይህን በልባችን ደምረነዋል። ነገር ግን በሚስት እጅ የሚበላ ወንድ አልሆንም የሚል ዓይነት ሰው ነው። በቃሉ አላለውም፤ ግን እናቴ አንድ ሳህን ምግብ ብትልክለት ሳህኑ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም፤ ወይ ሁለት እንቁላል፣ ወይ የተሳለ ቢላ ተቀምጦበት ነው የሚመጣው።

ዓመቱ እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ሆነ። ማመልከቻ ሁለት ጊዜ አስገብቶ ነበር፤ ሁለት ጊዜም «በነበረው ይጽና» የሚል መልስ መጣ። ለምን እንደሆነ አይጽፉም። በአሥረኛው ዓመት እናቴ ሞተች። የሚጠየቅ ሰው አልቀረም፤ የቀረሁት እኔው ነበርኩ። እሱ ግን ደረጃውን ይጠብቃል።

ከዚያ ቀኝ ጉልበቱ ማበጥ ጀመረ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰውነቱንም መዘውሩንም የተሸከመው አንድ ጉልበት ነው። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ይተኛል፤ በኋላ ሦስት። ቆራጩ አዛውንት ትንሽ ታገሡት፤ በኋላ እሳቸውም ሥራ ለቀቁ፣ አዲሱ ቆራጭ መቀሶቹን በኤሌክትሪክ ወደሚስል ሱቅ ላካቸው። መዘውሩ በራፉ ላይ ቆመ። ስለ ኪራዩ አያስቡ ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ገንዘቡ መስኮቴ ላይ ነው። ምን በልቶ እንደሚያድር ግን አላውቅም ነበር። መጠየቅም እፈራለሁ።

«አብረን እንሂድና ራሳችን እንጠይቅ» አልኩት። በጡረታ መሥሪያ ቤቱ የአካል ጉዳተኞች መዝገብ የሚገኘው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አሳንሰር የለም። በየአሥራ አንድ ደረጃው እየቆመ ወጣ።

«ይኸውልሽ» አለኝ እያለከለከ፣ «ደረጃዬ ይሻሻልልኝ ስል ሰምተው ነው፤ ደረጃ የሚያስወጡኝ።»

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ወፍራም መነጽር ያላት፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ፋይሉን አገላብጣ አንድ ወረቀት ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ያንተ ነገር እዚህ ላይ አልቋል» አለችው። «‹ተመርማሪው ስለ ጤናው ሁኔታ ተጠይቆ ደህና መሆኑን በራሱ ቃል አረጋግጧል› ይላል።»

«ማ? እኔ?»

«‹ደህና ነኝ› አላልክም?»

አምስት አለቃ እኔን አየኝ፣ ተመልሶ እሷን አየ። «እመቤት፣ እሱ እኮ ሰላምታ ነው!»

«ሰላምታ አይጻፍም። የተጻፈው መልስ ነው።»

«ታዲያ ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ምን ልበል? ገና በሩ ላይ ቆሜ ‹አንድ እግር የለኝም› ልበል?»

«አዎ» አለች፤ ስትቀልድ አልነበረም። «እሱን ነበር ማለት የነበረብህ። ሐኪሙ ያየውን ይጽፋል፣ ጸሐፊው የሰማውን ይጽፋል። ያዩት በሚገባ የለበሰ፣ ያለ ክራንች የሚራመድ ሰው ነው። የሰሙት ደግሞ ደህና ነኝ የሚል ነው።»

የአባቴ ሱሪ መስመር ዓይኔ ላይ መጣ። አንገቴን ደፋሁ።

ሴትዮዋ አዘነችልን መሰለኝ፣ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። «ስማ፣ አዲስ ቦርድ አለ፣ አስመዘግብሃለሁ። ግን እንዳለፈው አይደለም። ደህና የሚል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። ደግሞ ማን ይረዳሃል ብለው ይጠይቃሉ። ማንም የለኝም በል። የሚረዳው ሰው አለ ከተባለ ደረጃው አይነሳም።» ወደኔ ዞረች። «አንቺ ምኑ ነሽ?»

«ጎረቤቱ።»

«ጎረቤት ከሆንሽ ችግር የለም። ጎረቤት ፎርሙ ላይ የለም።»

ቦርዱ ሦስት ሳምንት ቀረው። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ቧንቧው አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጥና አለማምደዋለሁ። እኔ ሰብሳቢው ሐኪም ነኝ። ሐኪሙ አንቱ ስለማይለው እኔም አንተ ማለት ነበረብኝ። በአሥር ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንዴት ነህ?» አልኩት።

«ደህ...» አለና አፉን በእጁ ያዘ።

«እንደገና። እንዴት ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱም አይባልም!»

«እሱንም ከለከሉት?»

ግቢው ሁሉ ገባበት። ጫማ ሰፊው በጠዋት ገና በሩን ከፍቶ፣ «አምስት አለቃ፣ እንዴት አደርክ?» ብሎ ያጠምደዋል። «ደህና፣ እን...» ሲል፣ «ወደቀ! ወደ ሦስተኛ ደረጃ ተመለሰ!» እያለ መዶሻውን ጫማው ላይ ያንኳኳል። አጣቢዋ ከልብስ መሃል ብቅ ትልና፣ «ኧረ እንዴት ነህ በሞቴ?» ትለዋለች። «ክፉኛ ታምሜያለሁ እህቴ» ሲላት፣ «እሰይ! ተመስገን!» ትላለች። ያን ያህል የሳቅንበት ጊዜ አላስታውስም። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ሌላ ነገር ነው፤ ነገሩ ለልምምድ ነው እየተባለ፣ ቀን በቀን አንተ እለው ነበር።

«ማን ይረዳሃል?»

«ማንም።»

«ድምፅህ አያሳምንም። እንደገና።»

«ማንም የለኝም።»

«አሁን ጥሩ ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። አንድ ጠዋት ልምምዱን ረስቼ፣ ውሃ ልቀዳ ስወጣ እንደ ልማዴ «እንዴት አደሩ?» አልኩት።

«ደህና አይደለሁም» አለ።

ሳቁን ጠበቅኩ። አልመጣም።

«ይህን ሁሉ ዓመት ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም ስል ኖርኩ» አለኝ መሬት መሬት እያየ። «አሁን ተናገር ስትሉኝ አንድ ባንድ መቁጠር ጀመርኩ። ብዙ ነው እኮ፣ እታለም። ለካ ብዙ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጫማ ሰፊው ሲያጠምደው አይሳሳትም። መልሱን ቶሎ ይሰጣል። ቀልዱ እየቀነሰ ሄደ፤ ቧንቧው ጋ መቀመጡንም ተወ፤ ልምምዱን በሩ ገርበብ ብሎ ከአልጋው ላይ ሆኖ ነበር የምናደርገው። እኔ ለፈተናው ተጠንቅቆ ነው ብዬ አሰብኩ። ወይም እንደዚያ ማሰብ ፈለግኩ።

የቦርዱ ቀን የተኮስኩለት ልብስ የለም። ያለውን ለብሶ፣ በሁለት ክራንች ሄደ። ሙቀት ስለነበር የቦርዱን በር በወንበር ደግፈው ከፍተውታል። እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ።

«እንዴት ነህ?»

እጄን እርስ በርስ ጨበጥኩ።

«ደህና አይደለሁም ጌታዬ» አለ። ቀጠለ። ጉማጁን፣ ትከሻውን፣ ጉልበቱን፣ ከአልጋ እንዴት እንደሚነሳ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ግድግዳ ተደግፎ እንደሚሄድ ተናገረ። ይህንን አላለማመድኩትም። ይህንን አላውቀውም ነበር።

«ማን ይረዳሃል?»

«ማንም።»

«ቤተሰብ? ዘመድ?»

«የለኝም።»

«ጭራሽ ማንም የለህም?»

«ማንም የለኝም።»

እንዳስተማርኩት አድርጎ ነው ያለው፤ ድምፁ ሳይሰበር፣ ሳይጨምር። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በልቤ «ጎበዝ!» አልኩ። ብዕር ወረቀት ሲጭር ተሰማኝ። ጸሐፊው እየጻፈ ነበር።

ደብዳቤው ሲመጣ ሁለት ገጽ ነበር። ዓይኑ ስለደከመ እኔ ነኝ ያነበብኩለት፤ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁና የመንግሥት ጽሕፈት አይከብደኝም። በክፍሉ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ገጽ አንደኛ ደረጃ ይላል። ሁለተኛን ስንመኝ አንደኛ! ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እሱ ፀጉሩን በእጁ ደባበሰ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ። ያን ቁልፍ ሲቆልፍ ምን ሊል እንደሆነ ገባኝ።

«እንግዲህ እታለም...» አለ።

«ቆይ፣ ሌላ ገጽ አለው» አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው። አንድ ደቂቃ ብታገሥ ምን ነበረበት?

ሁለተኛው ገጽ እንዲህ ይላል። ጉዳተኛው አንደኛ ደረጃ ሆኖ ተንከባካቢ ቤተሰብም ሆነ ዘመድ እንደሌለው በራሱ ቃል ስላረጋገጠ፣ ወደ አካል ጉዳተኞች መጦሪያ እንዲዛወር፣ ጡረታውም ለመጦሪያው ገቢ እንዲሆን ተወስኗል።

አንብቤ ስጨርስ እሱ ሊለው የጀመረውን አልጨረሰውም።

በማግስቱ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችና መነጽሯን አወለቀች። «እኔ ያልኩህ ደረጃው እንዲነሳ ነው» አለች፣ ከኛ ይልቅ ለራሷ። «ይህን አላሰብኩትም።» ከዚያ እንዲህ አለችን፦ ቃሉን ከሰረዘ ወደ ሦስተኛ ደረጃ ይመለሳል። ካልሰረዘ ይሄዳል። ደረጃውን ይዞ እቤቱ የሚቀረው ሚስት ወይም የሥጋ ዘመድ ቀርባ እኔ አለሁለት ብላ ከፈረመች ብቻ ነው። እንደገና ወደኔ ዞረች።

«አንቺ ምኑ ነሽ?»

የአሁኑ አጠያየቋ እንደ ፊተኛው አልነበረም። እያወቀች ነው የጠየቀችኝ። ብዕሩን አንስታ ይዛዋለች። እኔ እሱን ጠበቅኩት። ሴት ልጅ ራሷ ትናገራለች እንዴ ብዬ ነው፤ የዚያ ጊዜ ሰው ነኝ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። እሱ ክራንቹን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ጎረቤቴ ናት» አለ።

ስንወርድ እኔ ፊት ፊት እየወረድኩ፣ ሚዛኑን ቢስት እንድይዘው እጄን ዘርግቼ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመ።

«እንደዚያ ብዬ ልጠይቅሽ አልችልም» አለኝ። «ሙሉ ሰው ሆኜ ልጠይቅሽ ነበር የምፈልገው። አሁን እዚያ ወረቀት ላይ እኔ ራሱን የማይረዳ ሰው ነኝ። ፈርመሽ የምትረከቢው ዕቃ አልሆንብሽም።»

በየትኛውም መንገድ ይጠይቁኝ፣ በወረቀትም ቢሆን፣ በደረጃ ላይም ቢሆን ይጠይቁኝ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን፣ «ይጠንቀቁ፣ ቀጣዩ ደረጃ ተሰብሯል» ነው። አንተ ማለቱም በዚያው ቀርቶብኝ ነበር።

ቃሉን ሰርዞ ወደ ሦስተኛ ደረጃ ይመለስ ዘንድም ለመንኩት። በዚያ ጉልበት፣ ያለ ሥራ፣ በማን እጅ ሊበላ? መልሱን ሁለታችንም ስለምናውቅ ልመናዬን ራሴው ሳልጨርሰው ተውኩት።

የመሥሪያ ቤቱ መኪና አንድ ማክሰኞ ጠዋት መጣች። ሹፌሩ ቦርሳውን ተቀበለው። ጫማ ሰፊው ደህና አድርጎ የቀባውን አንድ ጫማ አደረገለት፤ አጣቢዋ ሳታየው ለመቅረት ልብስ ላደርስ ነው ብላ ማልዳ ወጥታለች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። በመስኮት እጁን አወጣ፤ ግራውን ነው፣ ቀኙ አይነሳምና። መኪናዋ ስትዞር አየሁት፤ ፊቱን ወደፊት አድርጎ ነበር።

መጦሪያው በባቡር አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል። በመጀመሪያው ዓመት አራት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ስለ አየሩ፣ አጠገቡ ስላለው ዓይነ ስውር መድፈኛ፣ ስለ ሾርባው ይጽፋል። የመጦሪያው ግድግዳ ወደ ምሥራቅ ሁለት ጣት ያህል ማዘንበሉን ጽፎልኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጥሩ ይዘውታል፤ ንጹሕ ነው፣ ወፍሯል እንኳ። የጥጓን ክፍል ማን ተከራያት አለኝ። ማንም አልኩት። «ማፍሰሷን ካላቆመች ማን ይወስዳታል» አለ። እውነቱን ብናገር ጣሪያዋን አሠርቼዋለሁ፤ የሚጠይቅም ሰው መጥቶ ነበር፣ ሞልቷል ብዬ መለስኩት። ይህን አልነገርኩትም። ደወል ተደወለ፣ ምግብ ነው አሉ፣ ጎብኚ ይውጣ አሉ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው በዓመት ሁለት፣ ከዚያ አንድ ሆነ። እኔ እጽፍ ነበር። ዘጠነኛው ዓመት ላይ ደብዳቤዬ ሳይከፈት ተመለሰ። ለመጦሪያው አስተዳደር ጻፍኩ። ምኑ እንደሆንኩ የሚጠይቅ ፎርም ላኩልኝ። በዚህ ጊዜ «እጮኛው» ብዬ ሞላሁት፤ ዕድሜዬ ከአርባ አልፎ ነበር። በሁለት ወሩ ባለ አንድ መስመር መልስ መጣ፤ መጦሪያው ስለተዘጋ ነዋሪዎቹ ለየቦታው ተከፋፍለዋል ይላል፣ የእሱም አዲስ አድራሻ ከሥሩ ተጽፏል። በዚያ አድራሻ ሦስት ደብዳቤ ላክሁ። አልተመለሱም፣ መልስም አልመጣም። ልሄድ ብዬ ትኬት የጠየቅኩበት ወር ወገቤን ያዘኝ፤ ከዚያ ወዲያ ባቡር ላይ ወጥቼ አላውቅም።

ለመጨረሻ ጊዜ የማውቀው፣ በዚያ አድራሻ መሠረት፣ አምስት አለቃ በወደቡ ከተማ በሚገኘው የአካል ጉዳተኞች መጦሪያ፣ ሁለተኛ ሕንፃ፣ ምድር ቤት፣ ሰባት ቁጥር ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ ባለው አልጋ ላይ እንደነበረ ነው።